ተማሪህን ደጅ አታስጠናው

ልጄ፣ በቢሮህ በር ላይ የለጠፍካት ወረቀት ቆንጆ ናት። ስምህ አለ፣ የምታስተምራቸው ኮርሶች አሉ፣ ከሥር ደግሞ «ኮንሰልቴሽን አወር፦ ማክሰኞና ሐሙስ ከ8 እስከ 10 ሰዓት» ይላል። አባትህ ቢያያት ፎቶ አንስቶ ለጓደኞቻችን ሁሉ ይልካት ነበር። እኔ ግን የጠየቅሁህ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ማን ይመጣል? አንተም ሳትደብቅ ነገርከኝ። ሴሚስተሩን ሙሉ የሚመላለሱት እነዚያው ጥቂት ሰቃዮች ናቸው፤ ከኤ ማይነስ ወደ ኤ የምታሻግራቸውን አንዲት ነጥብ ፍለጋ። በሚድ ፈተና ከወደቁት አንድም ሰው ደጅህን አልረገጠም። «ሰነፎች ናቸው እንጂ በሬማ ክፍት ነው» አልከኝ። ቡና ላይ ነበርንና ዝም አልኩ። አሁን ልመልስልህ።

የዚህ የወለጋ አገር ልጅ፣ ከሆሮም ይምጣ ከቄለም፣ ትልቅ ሰው ቤት ሳይጠራ አይገባም። ግባ ተብሎም ሁለት ሦስት ጊዜ ካልተለመነ ከደጃፉ አያልፍም። ከባድ ጉዳይ ካለውም ራሱ አይናገርም፤ ሽማግሌ ይልካል። አንተም ደብረ ማርቆስ ያደግኸው በዚሁ ወግ ነው፤ አባትህ ከታላላቆችህ ፊት አንገትህን ደፍተህ እንድትቆም አድርጎ እንዳሳደገህ አውቃለሁ። እንግዲህ ዕድሜውን ሙሉ «ትልቅ ሰው ሲናገር ዝም በል» ሲባል የኖረ ልጅ፣ አንዲት ወረቀት አይቶ፣ በር አንኳኩቶ፣ አራት መምህራን በተቀመጡበት ቢሮ መካከል ቆሞ «ይህ ነገር አልገባኝም» እንዲልህ ነው የምትጠብቀው። እሱ የሚያደርገው የሚያውቀውን ነው፤ ሪፑን ይልክብሃል። የክፍሉ ተወካይ በየሳምንቱ እየመጣ «ቲቸር፣ ተማሪዎች እንዲህ እያሉ ነው» የሚልህ ነገረኛ ሆኖ አይደለም፤ የተላከ ሽማግሌ ነው። ችግሩ ሽማግሌ የጋራ ጥያቄ ይዞ ይመጣል እንጂ የአንዱን ልጅ የግል ድንግርግር ተሸክሞ አይመጣም።

ነቀምቴ ውስጥ የኩምሳ ሞረዳ ግቢ እስከ ዛሬ ቆሟል፤ ገና ካላየኸው አንድ ቀን እወስድሃለሁ። ደጃዝማች ኩምሳ፣ በክርስትና ስማቸው ገብረ እግዚአብሔር፣ ሌቃ ነቀምቴን ሲገዙ በነበሩበት ዘመን በየትኛውም የመኳንንት ግቢ ባለጉዳይ ደጅ ይጠና ነበር። ደጅ መጥናት ደግሞ ለሁሉ እኩል ሆኖ አያውቅም። ስንቅ ያለው፣ ቤቱ የቀረበው፣ አማላጅ የሚያውቅ ሰው ይጠናና ጉዳዩ ይደርስለታል፤ የሌለው አንድ ሁለት ቀን ቆሞ ወደ መንደሩ ይመለሳል፤ ጌታውም የመጣውን ብቻ ስለሚያይ አገሩ ሰላም ይመስለዋል። ያንተ ቢሮ ከዚህ ብዙም አልራቀም።

ሌላ ነገር ልጨምርልህ። ቡርቃ ጃቶ ሰፈር ያሉትን ሰርቪስ ክፍሎቼን የሚከራዩኝ ተማሪዎች ናቸው፤ ማታ በረንዳ ላይ ሲጫወቱ ጆሮዬ ይሰማል። መምህር ቢሮ የሚመላለስ ተማሪ ስም ይወጣለታል። ወንድ ከሆነ «ግሬድ ለማኝ» ይባላል፤ ሴት ስትሆን የሚባለውን እዚህ አልጽፈውም። መምህሩና ተማሪው ከአንድ አካባቢ የመጡ ከሆነ ደግሞ ሌላ ፍች ይሰጠዋል። በ2012 ዓ.ም. ኅዳር አካባቢ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች በተነሣው ግጭት ስንቱ ተማሪ ሻንጣውን ይዞ እንደወጣ ያኔ አንተም ተማሪ ነበርክና ታውቀዋለህ። ከዚያ ወዲህ ማን የማን ቢሮ ገባ ብሎ የሚቆጥር ዓይን በየግቢው አለ። ስለዚህ ያልመጣውን ልጅ ሰነፍ ከማለትህ በፊት፣ ለመምጣት ምን ያህል ዋጋ እንደሚከፍል አስብለት።

ይህ የእኛ ብቻ ጉድ እንዳይመስልህ። አንቶኒ አብርሃም ጃክ የሚባል አሜሪካዊ የሶሲዮሎጂ መምህር እ.ኤ.አ. በ2019 ባሳተመው መጽሐፍ፣ በአንድ ስመ ጥር ዩኒቨርሲቲ የሚማሩ የድሃ ቤተሰብ ልጆችን ተከታትሎ የጻፈው ይህንኑ ነው። መምህራኑ የቢሮ ሰዓታቸውን በመጀመሪያው ቀን ይናገራሉ፣ ኮርስ አውትላይን ላይ ያሰፍራሉ፤ ሰዓቱ ለምን እንደሆነ ግን አያስረዱም። በነጻ ትምህርት ዕድል ውድ የግል ትምህርት ቤት የገቡት ድሆች ከመምህር ጋር ቁጭ ብሎ ማውራትን እዚያው ለምደውት ይመጣሉ። ከሰፈራቸው ትምህርት ቤት በቀጥታ የመጡት ደግሞ መምህር ጋ መሄድን አሽቃባጭነት አድርገው ያዩታል፤ በሥራዬ እንጂ በመታየት አላልፍም ይላሉ። ኩራት ነው፤ የሚያኮራም ነው፤ ግን ያስጥላቸዋል። ከአዲስ አበባ የግል ትምህርት ቤት የመጣውንና ከኪረሙ የመጣውን ልጅ ጎን ለጎን አስቀምጠህ ብታያቸው ያንኑ ታያለህ።

እና ምክሬ ምንድን ነው? መምጣትን የድፍረት ጉዳይ አታድርገው። ሁሉንም ጥራቸው።

ሒሳቡን አብረን እንሥራ። አንድ ሴክሽን 60 ተማሪ አለው እንበል። አምስት አምስት አድርገህ ብትከፍላቸው 12 ቡድን ይሆናሉ። ለአንዱ ቡድን 20 ደቂቃ ብትሰጥ አራት ሰዓት ነው። በርህ ላይ የለጠፍከው ሰዓት ደግሞ በሳምንት አራት ነው። ስለዚህ ማንም ሳይመጣ ስልክህን እየነካካህ በምታሳልፈው በዚያው ሰዓት፣ በአንድ ሳምንት አንድ ሴክሽን ታዳርሳለህ። ሁለት ሴክሽን ካለህ ሁለት ሳምንት ነው። ሁሉም ሲጠራ ለማኝ የሚባል የለም፤ ሴቷም ለብቻዋ አልገባችም፤ ማን የማን ቢሮ ገባ የሚለውም ወሬ ወሬ መሆኑ ይቀራል። ቡድኑን ግን በመታወቂያ ቁጥር ዝርዝር ከፋፍል። ራሳቸው ይምረጡ ካልክ የአንድ ዶርምና የአንድ አገር ልጆች ተጠራርተው ይመጣሉ፤ ብቸኛው ልጅ ብቸኛ ሆኖ ይቀራል። እግረ መንገዴን፣ «አንድ ለአምስት» የሚለውን ስም አትጠቀም፤ ስሙ ብዙ የፖለቲካ ጓዝ ተሸክሟል፤ «ቡድን» በቂ ነው።

ለመምጣታቸው ማርክ ልስጥ እንዳትል። ማርክ የታመመውንና መንገድ ተዘግቶበት የዘገየውን ይቀጣል፤ በእኛ አካባቢ ደግሞ መንገድ መዘጋቱ አዲስ ነገር አይደለም። ከዚያ የተሻለ ዘዴ አለ። የመጀመሪያውን ኩዊዝ ወረቀት ክፍል ውስጥ አትመልስ፤ ቢሮህ ሲመጡ በእጃቸው ስጣቸው። ወረቀቱን የማይፈልግ ተማሪ የለም። አምስቱም የተሳሳቱትን ይዘው ሲቀመጡ፣ «ይህን ጥያቄ ስትመልሱ ምን አስባችሁ ነበር?» ብለህ ጀምር። «ለምን ሳትክ?» ካልክ ዝም ይሉሃል፤ «ምን አስበህ ነበር?» ካልክ ይነግሩሃል። ያን ጊዜ ነው አንተም ስድስት ሳምንት ስትደጋግም የከረምከው ነገር ከመጀመሪያው እንዳልተያዘላቸው የምታየው። ይህ በተለይ የሚጠቅመው በሬሜዲያል በኩል አልፈው ለመጡት ልጆች ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ መሰጠት የጀመረው በ2015 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ነበር፤ ያን ጊዜ ግማሹንና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ ሬሜዲያል የሚባለው የማካካሻ ፕሮግራምም የመጣው በዚያው ምክንያት ነው። እነዚህ ልጆች ያላለፉት ፈተና ስም ግንባራቸው ላይ የተጻፈ ይመስላቸዋል። «አልገባኝም» ማለት ለእነሱ ሁለተኛ መውደቅ ነው።

ስለ ሰዓቱ ብዙ አልልም፤ ራስህ ፕሮግራማቸውን አይተህ አስተካክለው። ሁለት ነገር ብቻ ያዝልኝ። ካፌ በምግብ ካርድ የሚበላ ተማሪ ሰዓቱ ካለፈ ጦሙን ይውላል፤ ያንተ ምሳ ግን ሊቆይ ይችላል፤ ስለዚህ ከ6 ሰዓት እስከ 7 አትጥራቸው። ዓርብ ቀትር ላይ ደግሞ ሙስሊሞቹ ጁምዓ ናቸው።

የኤክስቴንሽኖቹ ጉዳይ ግን ሰፋ ያለ ነው፤ ሁሉም ሰው ስለሚረሳቸውም ልቆይበት። ማክሰኞ 8 ሰዓት ላይ የዊኬንድ ተማሪህ የት ነው? አንዱ ሲሬ አስተማሪ ነው፤ ሌላዋ ሆስፒታል ተረኛ ነርስ ናት፤ ሌላው ባኮ ሱቅ ይነግዳል። ከኪሳቸው ከፍለው የሚማሩት እነሱ ሆነው ሳለ የምክክር ሰዓት የሌላቸውም እነሱ ናቸው። ለእነሱ ከክፍለ ጊዜው ቀጥሎ ግማሽ ሰዓት እዚያው ክፍል ውስጥ ተቀመጥ፤ ቢሮ ውጡ አትበላቸው፤ ሚኒባስ የሚያመልጣቸው አሉና። በሳምንት አንድ ምሽት ደግሞ፣ ረቡዕ ከ1 እስከ 2 ሰዓት እንበል፣ በተራ ስልክ የሚደውሉበት ሰዓት ስጣቸው። ቅዳሜን ብቻ ቀጠሮ እንዳታደርግ። ጊምቢ የአድቬንቲስት ሆስፒታል የተቋቋመበት አገር መሆኑን ታውቃለህ፤ ሰንበታቸውን ቅዳሜ የሚያከብሩ ተማሪዎች በዚህ አካባቢ አሉ፤ ቅዳሜ ሥራ ይዞ መምጣት ለእነሱ ከሃይማኖታቸው ጋር መጣላት ነው። እሑድ ጠዋት ደግሞ መካነ ኢየሱሱም ኦርቶዶክሱም ቤተ ክርስቲያን ነው። እሑድ ከሰዓት በኋላ ለብዙው ይመቻል፤ እንቅልፍህን ይቆርጥብሃል፤ ምን ታደርገዋለህ።

ስለ ሴት ተማሪዎችህ አባትህ ቢሆን በዘወርዋራ ይነግርህ ነበር፤ እኔ በቀጥታ ልንገርህ። ታላቅ እህቷ ግቢ ስትሸኛት «መምህር ቢሮ ለብቻሽ እንዳትገቢ» ብላ መክራታለች፤ ትክክል ነው ያለቻት። አንተ ጨዋ መሆንህን እሷ የምታውቅበት ምንም መንገድ የላትም፤ ከአንተ በፊት ያስተማራት ሰው ጨዋ ላይሆንም ይችላል። ስለዚህ ጨዋነትህን አታስረዳ፤ ነገሩን ሁሉ በግልጽ ቦታ አድርገው። በሩ ወለል ብሎ ይከፈት፤ ጓደኛዋን ይዛ ብትመጣ ጓደኛዋን ደጅ አታስቀምጥ፤ ከ11 ሰዓት በኋላ ቢሮ አትጥራ፤ ውጭ ካፌም አትቅጠር። ማታ በቴሌግራም በግል «ኩዊዙ እንዴት ነበር?» ብለህ አትጻፍ፤ ሐሳብህ ንጹሕ ቢሆንም እሷ መልእክቱን አንብባ የምታድረው በፍርሃት ነው። የግል ችግር ይዛ ከመጣችና በጋራ ቢሮው ውስጥ መናገር ከከበዳት፣ የሥርዓተ ፆታ ክፍሉ የት እንዳለ አስቀድመህ አውቀህ አብራት የምትሄድ ሴት የሥራ ባልደረባ ፈልግላት።

አሁን ከሁሉ ወደሚከብደው ልምጣ፤ ቋንቋ። ማስተማሪያው እንግሊዝኛ ነው፤ አንተ አማርኛ ትናገራለህ፤ አፋን ኦሮሞህ ገና «አከም ቡልተኒ» ላይ ነው። ክፍል ውስጥ ይህ ብዙም አይታይም፤ ሁላችሁም በእንግሊዝኛ ትንገላታላችሁ። ቢሮ ውስጥ ግን ይታያል። ከጎንደር የመጣው ልጅ ገብቶ በአማርኛ የሆዱን ያወራልሃል፤ ትስቃላችሁ፤ ከሻምቡ የመጣችው ልጅ ስትገባ ወደ እንግሊዝኛ ትመለሳለህ፤ እሷም የመጣችበትን ረስታ «ኖ ቲቸር፣ ኢት ኢዝ ኦኬ» ብላ ትወጣለች። አንተ ምንም አልበደልካትም። እሷ ግን የተማረችው ነገር ይህ ቢሮ የማን እንደሆነ ነው። ነገሩ ተገልብጦም አይቼዋለሁ፤ መምህሩ በአፋን ኦሮሞ ሲያጫውት ከጋምቤላና ከሶማሌ የመጡት ልጆች ግድግዳ ግድግዳ ሲያዩ።

ይህች ከተማችን ነቀምቴ ደግሞ ሰውን በሚያስብበት ቋንቋ ማስተማር ምን እንደሆነ ቀድማ ያወቀች ናት። ኦኔሲሞስ ነሲብና አስቴር ገኖ ሁለቱም በልጅነታቸው ለባርነት ከተዳረጉ በኋላ ነጻ ወጥተው፣ ኤርትራ ምድር ላይ ሆነው እ.ኤ.አ. በ1894 የአፋን ኦሮሞ ማንበቢያ አሳተሙ፤ መላው መጽሐፍ ቅዱስም በ1899 ወጣ። እ.ኤ.አ. በ1904 ወደ ወለጋ ገቡ፤ ኦኔሲሞስም እስከ 1931 ሕልፈቱ ድረስ በዚህ በነቀምቴ አስተማረ፤ ተቃውሞ እየደረሰበት፣ እንዳይሰብክ እየተከለከለ። ሰዎቹን ያነሣሁልህ ለበዓል ንግግር አይደለም። የሠሩት ሥራ ከእኔና ከአንተ የሚፈለገውን ነገር ስለሚያሳይ ነው፤ ተማሪው ጋ እስኪደርስ ድረስ መንገዱን የሚሄደው መምህሩ ነው።

ስለዚህ በቡድኑ ውስጥ እንዲህ አድርግ። መጀመሪያ እርስ በርሳቸው በፈለጉት ቋንቋ አምስት ደቂቃ ይነጋገሩ፤ አንተ ዝም ብለህ ስማ፤ ባይገባህም ስማ። ከዚያ ከመካከላቸው አንዱ በእንግሊዝኛ ይንገርህ፤ ሰዋስዉን አታርም። የደረሳችሁበትን መልስ ግን አብራችሁ በእንግሊዝኛ ጻፉት፤ ምክንያቱም ፋይናሉም፣ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመጣው የመውጫ ፈተናም በእንግሊዝኛ ነው፤ እዚህ ላይ የምታዝንለት መስሎህ ብትለቀው ትጎዳዋለህ። አንተም አፋን ኦሮሞ ተማር። ጥሩ ተናጋሪ እስክትሆን አትጠብቅ። መምህር በእነሱ ቋንቋ ሲሳሳት ያዩ ተማሪዎች በእንግሊዝኛ ለመሳሳት አይፈሩም፤ ይህን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም፤ እዚሁ ነቀምቴ ኖሬ ያየሁት ነው።

ቢሮህ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍት የለውም። ክራንች ይዞ የሚሄደውን ልጅ «ናና አነጋግረኝ» ብትለው እያሾፍክበት ነው። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 ተቋማት ለአካል ጉዳተኛ ተማሪዎች ምቹ እንዲሆኑ ይላል፤ ከእሱ በፊት የነበረው 650/2001 ደግሞ የማጠናከሪያ ትምህርትና የፈተና ጊዜ ማራዘሚያን ሳይቀር በስም ጠርቶ ነበር። አዋጁ ግን ደረጃ አይወርድም፤ የምትወርደው አንተ ነህ። ለዲፓርትመንት ኃላፊህ አንዲት ምድር ቤት ክፍል ለአራት ሰዓት ብቻ እንድትሰጥህ በደብዳቤ ጠይቅ፤ ሁሉንም ቡድን እዚያው አግኝ፤ ለእሱ ብቻ የወረድክ እንዳይመስል። ከባኮ ዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት የወጣ ተማሪ ቢደርስህ፣ ሰሌዳ ላይ «ይህ ከዚህ ጋር» እያልክ በጣትህ ከምታሳይ ይልቅ የምታወራውን በስልኩ እንዲቀዳ ፍቀድለት፤ ሃንዳውቱንም በወረቀት ሳይሆን በሶፍት ኮፒ ስጠው፤ ስልኩ ያነብለታል። መስማት ለተሳነው ልጅ ደግሞ ፊትህን ወደ እሱ አዙር፤ አስተርጓሚ ካለ የምታየው አስተርጓሚውን ሳይሆን ልጁን ይሁን።

ስለ ቴሌግራም ግሩፑ፦ ጥሩ ነው፤ ግን አትመካበት። በ2012 ዓ.ም. ከታኅሣሥ ማብቂያ እስከ መጋቢት በምዕራብ ኦሮሚያ ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር፤ በአንዳንዱ ዞን ስልክም ጭምር። ነገ ዳታ ቢጠፋ፣ ወይ ተማሪው ካርድ መሙያ ባይኖረው፣ ያልከው ሁሉ ለእሱ አልተባለም ማለት ነው። ለአንዱ ቡድን ያብራራኸውን ነገር በአንድ ገጽ ጽፈህ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይም ለጥፍ። አንድ ጥያቄ ሦስት ቡድን ከጠየቀህ ደግሞ ጥፋቱ የሌክቸርህ ነውና ክፍል ውስጥ ድገመው።

አሁን የምትለኝን አውቃለሁ። «ጋሼ፣ ሳምንቱን ሙሉ አስተምራለሁ፣ አማክራለሁ፣ ኮሚቴ አለብኝ፣ ደመወዜ ደግሞ የቤት ኪራይና የጤፍ ዋጋ በልተውት ያልቃል» ትላለህ። እውነትህን ነው። ግን የኮርስ መመሪያህን ገልጠህ እይ፤ 5 ኢ.ሲ.ቲ.ኤስ. ማለት 135 ሰዓት የተማሪ ሥራ ነው፤ ከዚህ ውስጥ ሌክቸሩ የተወሰነው ነው፤ ቱቶሪያል የሚል ዓምድ አብሮት አለ። ብዙው መምህር ያን ዓምድ ለሪፖርት ይሞላዋል። አንተ አራት ሰዓትህን በእውነት ብትሞላው ተጨማሪ ሥራ አልሠራህም። ደግሞ አምስት አምስት እየሆኑ የመጡ ልጆች ፋይናል ሲደርስ በግል እየመጡ አያጨናንቁህም፤ የሪኤግዛም ወረቀትህም ይቀንሳል።

ሁለቱ ሳምንት ካለቀ በኋላ ዝርዝርህን አውጣና ያልመጡትን እይ። ሪፑን አትላክባቸው፤ ስማቸውንም ክፍል ውስጥ አትጥራ። ክፍል አሥር ደቂቃ ቀድመህ ግባና አጠገባቸው ተቀመጥ፤ ኩዊዛቸውን እዚያው ስጣቸው። አንዳንዱ ያን ቀን ይከፈትልሃል። አንዱ ግን፣ በየሴክሽኑ አንድ አይጠፋም፣ ወረቀቱን ተቀብሎ «አመሰግናለሁ ቲቸር» ብሎ ፊቱን ወደ መስኮቱ ያዞራል፤ ገብቶት ይሆናል፣ ወይ አንተን አልወደደህም። መብቱ ነው። ለእሱ ግሬዱን በጊዜ አስገባለት።